ዐሊይ ከቴምሩ ለምን ተከለከሉ? ለኩላሊት ሕመምተኛ የሚቀርብ ማዕድ

  ሱረቱል ከህፍን ያልቀራችሁ ቅሩ፣ በነቢያችን ላይ ሶለዋት አብዙ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ኩላሊት ነው። "እኔ ገና ወጣት ነኝ፣ ምን አገናኘኝ?" የምትሉ ትንሽ ታገሱን። ቤት ውስጥ የታመመ ወላጅ ካለ ሐኪም ቤት ይዛችሁት የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። መድኃኒቱን የምትገዙት፣ የላቦራቶሪውን ወረቀት የምታነቡለት፣ ወጡን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ነገሩ ይመለከታችኋል።

ከአንድ ሐዲስ እንነሣ። አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚና ኢብን ማጃህ ዘግበውታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኡሙል ሙንዚር ወደሚባሉ የአንሷር ሴት ቤት ገቡ። ዐሊይ (ረ.ዐ) አብረዋቸው ነበሩ፤ ታመው ገና በማገገም ላይ ናቸው። ቤቱ ውስጥ የቴምር ዘለላ ተሰቅሏል። ነቢያችን ከቴምሩ ይበሉ ጀመር፣ ዐሊይም ሊበሉ ተነሡ። ይሄኔ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ገና ከሕመም እንዳልጠነከሩ አስታውሰው አስቆሟቸው። ዐሊይም ተዉት። ኡሙል ሙንዚር ገብስና ቆስጣ ሠርተው ሲያቀርቡ ግን ይህኛው ይበልጥ እንደሚጠቅማቸው ነግረው ከዚያ እንዲበሉ አደረጉ።

እስቲ ይህችን ነገር ቆም ብላችሁ አስቧት። ቴምር ሐራም አይደለም። ነቢያችን የሚወዱት፣ የሚያፈጥሩበት ምግብ ነው። በዚያች ሰዓት ራሳቸውም እየበሉት ነበር። ዐሊይ ደግሞ የአጎታቸው ልጅ፣ በእጃቸው ያደጉ ሰው ናቸው። እኛ ብንሆን ይሉኝታ ይይዘናል፤ "እኔ እየበላሁ እሱን እንዴት እከለክላለሁ" እንላለን። እርሳቸው ግን ከለከሉ፤ ከልክለውም ዝም አላሉም። የሚስማማው ሲመጣ ብላ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ይቅደም። ይህን አንብቦ ኩላሊቷን ለታመመች እናቱ ቆስጣ ሊቀቅል የሚሮጥ አይጠፋም። ቆዩ! ቆስጣ ፖታሲየም የሚበዛበት አትክልት ነው። ኩላሊቱ ለደከመ አንዳንድ ሰው ሊጎዳ ይችላል። የሐዲሱ ትምህርት ያለው በቆስጣው ላይ ሳይሆን በአመራረጡ ላይ ነው። ምግቡ በራሱ ጥሩ መሆኑ ብቻውን አልታየም። ለዚህ ሰው፣ ዛሬ ባለበት ሁኔታ ይስማማዋል ወይ የሚለው ታየ። ዛሬ ሐኪሞች የኩላሊት ሕክምና ከአመጋገብና ከአኗኗር ምክር ጋር ይያያዝ ሲሉ የሚፈልጉትም ይህንኑ ነው።

ኩላሊት ምን እንደሚሠራ በአጭሩ እንይ። አላህ የፈጠረልን ሁለት ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ከደማችን ያጣራሉ። አብዛኛውን ወደ ደም ይመልሱታል፤ አንድ ወይም ሁለት ሊትር የሚሆነው ብቻ ሽንት ሆኖ ይወጣል። ሱብሓነላህ! ትርፍ ጨው፣ ትርፍ ፖታሲየም፣ ፎስፈረስ፣ ከፕሮቲን የሚቀር ቆሻሻ፣ ሁሉም በዚያ ይወጣል። ይህ ሥራ ከሦስት ወር በላይ ሲታወክ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል። አምስት ደረጃዎች አሉት። ዋነኞቹ አምጪዎቹ የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ናቸው። መጀመሪያ ላይ አያምም፣ ድምፅ የለውም። ብዙ ሰው የሚያውቀው እግሩ ሲያብጥ፣ ምግብ ሲያስጠላው ነው፤ ያኔ ደግሞ ብዙው ሄዷል።

እንግዲህ ማጣሪያው ሲደክም በአፍ የገባው ነገር ሁሉ ሒሳብ አለው። ያልወጣው ጨው ውኃ ይይዛል፤ ግፊት ይጨምራል፤ ግፊቱ የቀረውን ኩላሊት ይጎዳል። ያልወጣ ፖታሲየም የልብን ምት ያዛባል። እናታችሁ ጠዋት የግፊት ክኒኗን ውጣ ቀኑን ሙሉ ጨው የበዛበት ወጥ ከበላች ክኒኑና ወጡ ሲታገሉ ይውላሉ።

ሕክምናችን ግን እንዴት ነው? በሀገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ እንደ ፈረንጆቹ በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል፣ አልሐምዱሊላህ። የእጥበት ማሽኖችም ከቀድሞው በዝተዋል። ስለ ትሪው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ወረፋው ረጅም፣ ሐኪሙ አንድ፣ ሰዓቱ አጭር። "ጨው ቀንሺ" ተብላ ትወጣለች። ከየት ነው የምትቀንሰው? በስንት? ወጡን የምትሠራው እሷ ናት ወይስ ልጇ? የሥነ ምግብ ባለሙያ በብዙ ቦታ አይገኝም። ቢገኝም ወደ እሱ የሚልክ ሰው ይጠፋል። የሐኪሞቹን ድካም ለማሳነስ አይደለም፤ አላህ ምንዳቸውን ያብዛላቸው። ነገር ግን የሕክምናው ግማሽ ያለው ወጥ ቤት ከሆነ፣ እዚያ ያለነው እኛ ነን።

ጨውን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል። አንዲት የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ማለት ነው፤ ለቀኑ ሙሉ፣ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ። አሁን ወደ ቤታችሁ ኑ። እናታችሁ "ወጡ ላይ ጨው አልጨመርኩም" ትላለች፣ እውነቷን ነው። በርበሬው ሲዘጋጅ ግን ጨው ገብቶበታል። ሽሮውም እንደዚሁ። ሚጥሚጣው፣ አዋዜው፣ የሾርባው ኪዩብ፣ የሱቁ ዳቦ፣ ሁሉም ጨው አለባቸው። በአንዳንድ አካባቢ ቡናውም በጨው ነው የሚጠጣው። ስለዚህ መፍትሔው የሚጀምረው በርበሬ ሲዘጋጅ ነው። ቤተሰቡ የዓመቱን በርበሬና ሽሮ ሲያስፈጭ ለሕመምተኛው ያለ ጨው ለብቻ ይዘጋጅለት። እንዲያውም ለቤቱ በሙሉ ቢሆን ይሻላል። ጣዕሙን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ሎሚ ይሸፍኑታል። ምላስ በጥቂት ሳምንት ይለምዳል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ "ለግፊት ተስማሚ" እየተባለ የሚሸጥ የጨው ምትክ አለ። ብዙው የተሠራው ከፖታሲየም ነው፤ ለኩላሊት ሕመምተኛ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

ደግሞ ለብቻዋ ሰሓን አታውጡላት። ከትሪው የተለየች እናት ምግቡ ብቻ አይደለም የሚቀርባት። ልጆቿ እየተጎራረሱ እሷ ጥግ ላይ አልጫ ስትበላ ምን እንደሚሰማት አስቡ። ትሪው ሁሉ ለእሷ የሚስማማ ሲሆን ግን ጉርሻውም ይመለስላታል። የናንተም ግፊት ይጠበቃል።

ሌላኛው ጥፋት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብዙም ሲነገር አልሰማም። ሰው ኩላሊት ታመመ ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ ይከለክለዋል። አንዷ ሥጋ አትብላ ትላለች፣ ሌላው እንቁላል፣ ሌላው ባቄላ፣ ሌላው ድንች። በመጨረሻ እንጀራ በሻይ ይቀራል። ሰውየው ይከሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ኢንፌክሽን ያጠቃዋል። ለእጥበት ሕመምተኞች የምግብ እጥረት ራሱ ገዳይ ነው። ፕሮቲንን ተመልከቱ። እጥበት ላልጀመረ ሰው የሚመከረው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ወደ 0.8 ግራም ገደማ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን ወደ 48 ግራም ይሆናል። እጥበት ሲጀምር ግን ማሽኑ ፕሮቲን ስለሚወስድ ፍላጎቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይደርሳል፤ ያው ሰው አሁን ከ60 እስከ 72 ግራም ያስፈልገዋል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ነው። አያችሁ? ትናንት "ቀንስ" የተባለው ዛሬ "ጨምር" ይባላል። ሰውየው አንድ፣ ሕመሙ አንድ፣ ምክሩ ግን ተገለበጠ። ይህን ያላወቀ ቤተሰብ እጥበት ላይ ያለ አባቱን በፍቅር ያስርበዋል።

ፖታሲየምም እንደዚያው ነው። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ብርቱካን፣ ድንች፣ ቲማቲም፣ ቴምር ይበዛባቸዋል። ሁሉም የኩላሊት ሕመምተኛ ግን ከእነዚህ አይታገድም። የሚወስነው የደም ምርመራው ነው። መቀነስ ያለበት ሰው ድንቹን ልጦ፣ አድቅቆ ከትፎ፣ በብዙ ውኃ ቀቅሎ ውኃውን ቢደፋ ፖታሲየሙ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም። ጥቁር የኮላ መጠጦችና ታሽገው የሚሸጡ የሥጋ ውጤቶች ደግሞ የተጨመረባቸው ፎስፈረስ ከምስሩና ከባቄላው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። እንግዳ ሲመጣ ለክብር የምንከፍተው ለስላሳ ለሕመምተኛው ክብር አይሆንም።

እጥበት በአብዛኛው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአራት ሰዓት ያህል ይደረጋል። እኛ ዘንድ ግን ወጪው ስለሚከብድ ብዙዎች በሳምንት ሁለቴ ብቻ ይታጠባሉ። በመሐል ሦስት አራት ቀን አለ። በእነዚያ ቀናት የገባው ፖታሲየምና ውኃ መውጫ የለውም። "አንድ ቀን ምን ይላታል፣ ዒድ አይደል እንዴ!" የምንለው ንግግር እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። አንድ ቀን ልብን ሊያቆም ይችላል። ለሐጅ ሄዶ የተመለሰ ዘመድ ዘምዘም ይዞ ሲመጣም እንዲሁ ነው። በረካውን ፈልጋ ሙሉ ብርጭቆ መጠጣት የለባትም፤ ለቀኑ ከተፈቀደላት ፈሳሽ ላይ ተቆጥሮ አንድ ጉንጭ ይበቃታል። ሻይ፣ ቡና፣ ሾርባ፣ አጥሚት ሁሉም ከፈሳሹ ይቆጠራሉ።

ሌላ ሐዲስ ላንሣላችሁ፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስፈራኝ ነው። ጃቢር (ረ.ዐ) አስተላልፈውት አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ሶሓቦች ጉዞ ላይ ሳሉ አንዱን ድንጋይ መታው፤ ራሱ ተፈነከተ። ሌሊት ጀናባ ሆነ። በተየሙም መስገድ እችል እንደሆነ ብሎ ጓደኞቹን ጠየቀ። ውኃ እያገኘህማ አይፈቀድልህም አሉት። ታጠበና ሞተ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ በጣም ተቆጡ፤ የሞቱን ተጠያቂነት በመላሾቹ ላይ አደረጉ። ካላወቁ ለምን አልጠየቁም ነበር ቁጣቸው።

እነዚያ ሰዎች ክፉ አልነበሩም። ዲን ያከበሩ መስሏቸው ነው። አሁን በየቤቱ የሚሰጠውን ምክር አስቡ። ወገቧን ላመማት ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚገዛ ወጣት አለ፤ እነዚህ ማስታገሻዎች ኩላሊትን ይጎዳሉ። ምንነቱ ያልታወቀ "ኩላሊት የሚያጥብ" ሥር የሚያመጣ ዘመድ አለ። በስልክ የታየ ቪዲዮ የሚልክ አለ። ማርም ሽፋእ ነው፤ ስኳር ላለበት ሰው ግን መጠኑ ይጠየቃል። ጥቁር አዝሙድ የሚወስድም ለሐኪሙ ይንገር። በዐረብ ሀገር ያላችሁ እህቶቻችን፣ ደሞዛችሁን ለወላጆቻችሁ ሕክምና ትልካላችሁ፤ አላህ ይቀበላችሁ። የቴምሩን ካርቶንና የቫይታሚኑን ጠርሙስ ከመላካችሁ በፊት ግን የመጨረሻ የደም ምርመራዋ ምን እንዳለ ደውላችሁ ጠይቁ።

የጾሙም ነገር እዚሁ ይገባል። አላህ በሱረቱል በቀራ 184ኛውና 185ኛው አያዎች ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል። ሕመማቸው የከፋ፣ እጥበት ላይ ያሉ እናቶችና አባቶች ግን "ሰው ምን ይለኛል" ብለው፣ ወይም ከረመዳን መለየት ከብዷቸው ይጾማሉ። ከኩላሊት ሐኪሙም ከታማኝ ዓሊምም ጠይቁላቸው። ፊድያ የሚመለከታቸው ከሆነ ምስኪኑን የምታበሉት እናንተ ሁኑ፤ እነሱ ደግሞ በዚክርና በቁርኣን ረመዳናቸውን ያሳልፉ። የአላህን ፈቃድ የተቀበለ ሰው ከማንም ያነሰ አይደለም።

ስለ እንቅስቃሴ አላበዛም። በሳምንት 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ለኩላሊት ሕመምተኞችም ይመከራል፤ አቅም በፈቀደ መጠን። መስጂዱ የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ከሆነ ደርሶ መልሱ በቂ ነው፤ ክንዳቸውን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። ሲጋራና ሺሻ ይቁም፣ በእናንተም ቤት። ጫትም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር ሲጨመርበት ስኳርና ግፊት ላለበት ሰው ምን እንደሚሆን ራሳችሁ ገምቱ። በዚህ የሚቀየም ወንድም ካለ ይቅር ይበለን፤ እውነቱ ግን ይሄ ነው።

አሁን ወደሚቀጥለው ቀጠሮ እንሂድ። አብራችሁ ግቡ፤ በር ላይ ቆማችሁ ስልክ አትነካኩ። ከዚያ በፊት ሦስት ቀን የበላችውንና የጠጣችውን ሁሉ ጻፉ። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጨምሮ፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙን በአክብሮት ጠይቁ፦ ሕመሙ ስንተኛ ደረጃ ነው? ፖታሲየሟ ስንት ነው? ፕሮቲን ትቀንስ ወይስ ትጨምር? በቀን ምን ያህል ፈሳሽ ይፈቀድላታል? የሥነ ምግብ ባለሙያ ካለ ይላኩን፣ ከሌለም ልምዱ ያላት ነርስ ታናግረን በሉ። የተባለውን ጽፋችሁ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ጎረቤት "በሞቴ!" ሲላት ወረቀቱን ታሳያለች። ምርመራው ሲለወጥ ወረቀቱም ይለወጥ።

ሕመምተኛ የሌለባችሁም አላችሁ። ስኳር ወይም ግፊት ያለባቸው ወላጆች ካሏችሁ በዓመት አንዴ የሽንት አልቡሚንና የደም ክሬቲኒን ምርመራ እንዲያደርጉ አድርጉ። ምርመራው የደምና የሽንት ናሙና ብቻ ነው የሚፈልገው።

የሰፈራችሁ ጀማዓም ይህን ሊያግዝ ይችላል። ለእጥበት ገንዘብ እናሰባስባለን፤ መልካም ነው፣ ይቀጥል። ከመካከላችሁ ነርስነት፣ ፋርማሲ ወይም ሥነ ምግብ የተማራችሁ ደግሞ በወር አንድ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በመስጂዱ ግቢ ተቀምጣችሁ የሰዎችን ጥያቄ ብትሰሙ፣ ግፊት ብትለኩ፣ ምርመራ የሚያስፈልገውን ብትልኩ ሰደቃችሁ ነው። የሴቶችን ክፍል እንዳትረሱ፤ ድስቱን በብዛት የሚይዙት እነሱ ናቸው። ወንዶችም ሽንኩርት መክተፍ ብትጀምሩ ሱናውን ታገኙታላችሁ፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰባቸውን በቤት ሥራ ያግዙ ነበርና።

በጁሙዓ ቀን ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝባት ሰዓት አለች፤ ብዙ ዑለማዎች ከዐስር በኋላ ናት ይላሉ። በዚያች ሰዓት በየእጥበት ክፍሉ ክንዳቸውን ዘርግተው የሚጠብቁትን፣ ለቀጣዩ እጥበት የሚከፍሉት ያጡትን፣ ምግብ አስጠልቷቸው የተኙትን ስም እየጠራችሁ ዱዓ አድርጉላቸው። ያ ረብ፣ የታመሙ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን አንተ ፈውሳቸው። እኛንም በእነሱ ኺድማ ላይ አታሰልቸን። አሚን።